«ስልጠና ሄዳለች»

ከመሥሪያ ቤቴ ስለቅ ጋቢ ለበስኩ፣ ኬክ ቆረስኩ፣ ንግግር ሰማሁ። ኬኩ ላይ ስሜን የጻፈው ሰው ቦታ ሳይለካ ስለጀመረ «ምሥራ» ላይ ጠርዝ ደርሶበት «ቅ»ን ወደ ጎን አወረዳት። ይህን ሥነ ሥርዓት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ለዓመታት የመሸኛ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበርኩ። የሥራ ልምድ ወረቀቴ በአንድ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል አማካሪ ሆኜ ገብቼ የአማካሪዎች ተቆጣጣሪ ሆኜ እንደወጣሁ ይናገራል። እውነቱ ግን ካከምኩት የሸኘሁት ይበዛል።

ሰው የሥራ ዘመኑን ትዝታ ሲጽፍ አገር አቅንቶ፣ ትውልድ ቀርጾ ነው የሚጨርሰው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ብዙ አንብቤአለሁ፤ አሁን ደግሞ ጀሞ በከፈትኳት ያገለገሉ መጻሕፍት መደብር ውስጥ እሸጣቸዋለሁ፤ ማለቴ፣ ለመሸጥ እሞክራለሁ። ከጸሐፊዎቹ የምለየው ጡረታዬ ሳይደርስ በገዛ ፈቃዴ መውጣቴና ያቀናሁት አገር አለመኖሩ ነው።

ማዕከሉ ለቡ ውስጥ የተከራየ ቪላ ነበር። ታካሚዎች አያድሩበትም። በሳምንት አንድ ቀን ከአማካሪያቸው ጋር ለብቻ ይነጋገራሉ፣ ቅዳሜ ደግሞ በቡድን ይሰበሰባሉ። አከራያችን ልጆቹን ሊድርበት ያሰበው ሳሎን የቡድን ክፍል ስለሆነ ስለ አረቄና ስለ ጫት የሚወራው የሠርግ አዳራሽ የሚያስንቅ መብራት ሥር ነው። በተከፈትን በዓመቱ ፊት ለፊታችን ግሮሰሪ ተከፈተ። ባለቤቱ ቢራ መቅዳት ከመጀመሩ በፊት ገበያ ያጠና ሰው መሆን አለበት።

የታክሲ ረዳቶች ፌርማታችንን «ሱስ» አሉት። «ሱስ ወራጅ አለ?» ይላሉ፣ ምንም ክፋት ሳያስቡ። አዲስ ታካሚ ዝም ብሎ አንድ ፌርማታ ያልፍና በእግሩ ይመለሳል። ውሎ አድሮ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ «ሱስ ጋ ወራጅ» ያለ ቀን፣ የሕክምናው ግማሽ አለቀ እንል ነበር። አጠራራችንም ደረጃ ነበረው። ታካሚው መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንንም «ዶክተር» ይለናል። ሲለምደን «ሲስተር» ወይም «ወንድሜ» ወደሚለው ያወርደናል። በስማችን የጠራን ዕለት እውነቱን መናገር ጀመረ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያን ዕለት አማካሪው ሥራ ይለቅና ታካሚው አዲስ «ዶክተር» ይቀርብለታል።

የሚለቁበት ምክንያት አይጠፋም። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም። አንዱ ባንክ ገባ፣ አንዷ ካናዳ ሄደች፣ አንዱ ጌታ ለአገልግሎት ጠርቶኛል ብሎ ወጣ፤ በዚህኛው ጥሪ ላይ ተወዳድረን ማሸነፍ አልቻልንም። ከሁሉ የማይረሳኝ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴን ያማክር የነበረው ልጅ ነው። ነጋዴው ድኖ ሲጨርስ አማካሪውን ሽያጭ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረው። ማን ማንን ሲያማክር እንደከረመ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። በመንግሥት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በነርስነት ሸብተው ወደኛ የመጡ፣ የመጀመሪያው ተቆጣጣሪያችን ነበሩ። ተቆጣጣሪ ማለት አማካሪው ከታካሚው ጋር የዋለውን ውሎ፣ ያለውንና ማለት ያቃተውን፣ ቁጭ ብሎ የሚያወራለት ሰው ነው። ወረቀት ላይ «ሙያዊ ክትትልና ድጋፍ» ይባላል፤ አማካሪው ግን ክትትሉን አንብቦ ድጋፉ ጋ ሳይደርስ ይሸሻል።

ጋሽ በቀለ ሐሙስ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ ሁለት ወንበር አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን የታካሚዬን ፋይል ታቅፌ ገባሁ።

«እሱን ውጭ ተይው» አሉኝ።

«ለምን ጋሽ በቀለ?»

«የደከምሽው አንቺ ነሻ። ፋይሉ ምን ሆነ?»

ሳወራ እሳቸው ብርቱካን ይልጣሉ። ልጣጩን ሳይቆርጡ ከላይ እስከ ታች አንድ አድርገው ያወርዱታል። የማላምንበትን ነገር ስናገር ቢላዋው ይቆማል፤ ተልጦ ያለቀ ብርቱካን የሚደርሰኝ እውነት የተናገርኩ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ጫት ቃሚ ታካሚዬ «ግዴለሽ ነው» አልኳቸው።

«እንደሱ ተቀመጪ» አሉኝ።

እግሬን አነባብሬ፣ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ተቀመጥኩ።

«አሁን ምን ይታይሻል?»

«በሩ።»

«ግዴለሽ ሰው በር ያያል? ይኼ መውጫውን የሚያይ ሰው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በር ዘግተሽ አታውሪ።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ሰውየው ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን ራሱ ወደኔ አዞረ። እስካሁን ያነበብኳቸው የሥነ ልቦና መጻሕፍት ተደምረው ይህን አላስተማሩኝም፤ ቢያስተምሩኝም ኖሮ ባላመንኳቸው ነበር።

ምክር መስጠት ይከለክሉናል። «ምክር ታክሲ ውስጥም ይገኛል፤ ያውም ሳይጠይቁት።» ታካሚ ከባድ ነገር ሲናገር ምን ልበል ስላቸው ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ውሃሽን አንሺ፣ ጠጪ። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ እስኪያርፍ ቃል እንዳይወጣሽ። ብዙ ጊዜ ብርጭቆው ሳያርፍ እሱ ይቀጥላል።» ይህን ለኋላ ያዙልኝ።

ስንብት ላይም ሕግ ነበራቸው፦ የሚሄድ ሰው መሄዱን በራሱ አፍ ለታካሚው ይንገር፣ አስቀድሞ ይንገር። ጡረታ ሲወጡ ታካሚዎቻቸውን አንድ በአንድ አስቀምጠው ነገሩ። ሁለት ሰዎች አለቀሱ፣ አንዱ ሰደባቸው። የተሰደቡ ቀን ደስ ብሏቸው ዋሉ። «እፊቴ ተናደደ» አሉ። «ግሮሰሪ ሄዶ ከሚናደድ ይሻላል።»

እሳቸው በወጡ ማግሥት ሕጉም ወጣ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳዊት ከሆቴል ሥራ የመጣ፣ ትሑትና ጽዱ ሰው ነው። ታካሚዎችን «እንግዶቻችን» ይላል።

«ምሥራቅዬ» አለኝ አንድ ቀን፣ «አስተናጋጅ ሲቀየር እንግዳ ተሰብስቦ መርዶ ይነገረዋል እንዴ?»

«ታካሚ እንግዳ አይደለም አቶ ዳዊት።»

«ታዲያ ለምን እናስደነግጠዋለን?»

መልሴን በጽሑፍ አቀረብኩ። ጽሑፉ ከግሪኮች ስለሚነሳ ለቡ ከመድረሱ በፊት አንባቢው ያልቅበታል። አቶ ዳዊት አመሰገነኝ፤ የለቀቀ አማካሪም ሁሉ «ስልጠና ሄዳለች»፣ «ስልጠና ሄዷል» መባሉ ቀጠለ።

ዘዴው ከሆቴል ብቻ የመጣ አይደለም፤ አቶ ዳዊትን እንዲህ በቀላሉ አልወነጅለውም። እኛ ሰው ሞቶ እንኳ ዘመድ እስኪሰበሰብ «ትንሽ አሞት ነው» እያልን የምንደብቅ ሰዎች ነን። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ደጋፊ ክንድ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ለሞት ያበጀነውን ዘዴ ለሥራ መልቀቂያ አዋልነው። ልዩነቱ የሞት መርዶ በመጨረሻ መነገሩ ነው፤ የእኛ ስልጠና ግን አያልቅም።

ያሬድ የሚባል ታካሚ ነበረን። የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ትኩር ብሎ የሚያይ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ለረጅም ጊዜ የተናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ለአማካሪው የልጅነቱን ነገር፣ አባቱ የሞተበትን ቀን፣ ጠርሙሱን ማን እንዳስያዘው ነገራት። በሳምንቱ ሲመጣ የለችም። «ስልጠና ሄዳለች» ተባለ። አዲስ አማካሪ ሲቀርብለት በትሕትና «ስትመለስ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ደወልን፤ «ስትመለስ» አለ። ቤቱ ሄድኩ፤ እህቱ የለም አለችኝ፣ ከጀርባዋ ሲያስል እየሰማሁት።

ከዓመት በኋላ ሀይሌ ጋርመንት ላይ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ በመስኮት አየሁት። ቀትር ላይ ነው፤ አንድ መጠጥ ቤት በር ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አወቀኝ። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ፣ እንደ ድሮው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ ከስልጠናው ተመለሰች?» አለኝ። ታክሲው ተንቀሳቀሰ። በዚህ ሥራ ከዚያ የከበደ ጥያቄ አልገጠመኝም። በኋላ ብዙ ጊዜ ወርጄ ፈልጌዋለሁ፤ በዚያ በር ላይ ሌሎች ናቸው የሚቆሙት።

ወደ ትዕግሥት ልምጣ። በእኔ እጅ ካለፉት አማካሪዎች ሁሉ የተሻለችው እሷ ናት። የብርጭቆውን ነገር ነግሬያት በሳምንቱ ከእኔ በላይ ተካነችበት። ታካሚዋ ጋሽ ሽመልስ ከጀሞ ሜክሲኮ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። በአረቄ ምክንያት ባለንብረቱ ቁልፉን ነጠቀው፤ ሚስቱም ቀድማ ሄዳለች። ትዕግሥት ጋ ከመጣ ወዲህ መጠጡን ካቆመ ወራት አልፈው ቁልፉ ተመልሶለታል። የቀረው ልጁ ነበረች። ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው፤ «አባዬ፣ ሳትጠጣ ከቆየህ አንተ ትድረኛለህ። ከጠጣህ አጎቴን እለምናለሁ» ብላዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ለቡድኑ ሲናገር እጁ ጉልበቱን ይይዛል።

ሁዳዴ ሲጋመስ ትዕግሥት ሐዋሳ፣ ወላጆቿ ያሉበት ከተማ፣ የተሻለ ሥራ አገኘች።

«ለጋሽ ሽመልስ ራስሽ ንገሪው» አልኳት።

«እሺ» አለች።

«እሺ» በእኛ አገር ወሬው አልቋል ማለት እንጂ ይደረጋል ማለት አይደለም። ዓርብ ኬኳን ቆርሳ፣ ጋቢዋን ይዛ ወጣች። ሳትነግረው።

ቅዳሜ እኔ ጋራዡ ውስጥ ከአዳዲስ አማካሪዎች ጋር ነበርኩ፤ ሳሎን ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። ጋሽ ሽመልስ ሲገባ ትዕግሥትን ጠየቀ። እንግዳ ተቀባይዋ «ስልጠና ሄዳለች» አለችው። ዘበኛው ይህን አልሰማም፤ ከራሱ አውጥቶ «ትንሽ አሟት ነው» አለ። ትዕግሥትን እንደ እህቷ የምትወዳት የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ ስታለቅስ ዓይኗ አብጦ፣ «አገር ቤት ሄዳለች፣ እባካችሁ አትጠይቁኝ» ብላ ፊቷን አዞረች። ቡድኑን ሊመራ የገባው ልጅ ሥራ የጀመረው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ሲጠይቁት አቀርቅሮ፣ «እኔ አላውቃትም። በእሷ ቦታ ነው የተተካሁት» አለ።

ስልጠና፣ ሕመም፣ አገር ቤት፣ ያበጠ ዓይን፣ ያቀረቀረ ሰው። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው።

እሁድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ትዕግሥት ናት።

«ምሥራቅ፣ ቶሎ ነይልኝ። የሞትኩ መሰለኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

«እኔ እንጃ። ቤቴ ለቅሶ ተቀምጠዋል።»

ከምኖርበት ሀይሌ ጋርመንት እሷ ያለችበት ጀሞ ሩቅ አይደለም። እዚያ እስክደርስ የሆነው እንዲህ ነው። ጋሽ ሽመልስ የጀሞን ብሎኮች እንደ መዳፉ ስለሚያውቅ ቤቷን አጠያይቆ የቅዳሜውን ቡድን በሚኒባሱ ጭኖ አመጣ። ነጠላቸውን ለለቅሶ አጣፍተው፣ የታሸገ ውሃ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ወጡ። በሩን የከፈቱት ዕቃ ሊያሸክፉላት ከሐዋሳ የመጡት እናቷ ናቸው። እናት በራፋቸው ላይ ነጠላ ያጣፉ፣ ያቀረቀሩ ወንዶች ሲያዩ፣ ሶዶ ታሞ የተኛው ወንድማቸው ሞቶ ሊያረዷቸው የመጡ መሰላቸው። «ወንድሜን» ብለው ጮኹ። ወንዶቹ የእናትን ጩኸት ሲሰሙ ወሬው እውነት መሆኑን አረጋገጡና እነሱም አነሱት። በየበሩ ጎረቤት ወጣ፤ ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፣ ሁሉም ግን አለቀሰ። ትዕግሥት ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ የካርቶን ፕላስተር በእጇ ይዛ ከጓዳ ብቅ ስትል አንደኛው ታካሚ ደረጃውን በሁለት በሁለት ዘሎ ወረደ። እስከ ዛሬ ወደ ቡድኑ አልተመለሰም፤ መጠጥ ማቆሙን ግን ሰምቻለሁ።

እኔ ስደርስ ታች ግቢው ውስጥ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን እያወረዱ ነበር።

«ሟች ማን ናቸው?» አሉኝ።

«የሞተ የለም።»

«ድንኳኑን ግን አውጥተነዋል» አለ አንደኛው፣ ሰው ካልሞተ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ሁሉ።

ላይ ቤት ሁሉም ተቀምጠዋል። እናት ወደ ሶዶ ደውለው ወንድማቸው ገንፎ እየበላ መሆኑን ስላረጋገጡ ተረጋግተው ለእንግዶቹ ምሳ ሊያቀርቡ ተነሡ። ቤቱ ጴንጤ ነው፤ የቀረበው የሥጋ ወጥ ነው።

«ፆም ነው እማማ» አሉ ለቀስተኞቹ።

«ውይ ልጆቼ፣ እናንተ ደግሞ» ብለው ዳቦና ሻይ አመጡ።

ጋሽ ሽመልስ ጥግ ላይ ነጠላውን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ተቀምጧል። ትዕግሥትን አያያትም።

«ትናንት ከእናንተ ጋ ስወጣ» አለ ወለሉን እያየ፣ «ግሮሰሪው በር ላይ ቆምኩ። እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ነበር። ከዚያ ለነፍሷ ስል አልጠጣም ብዬ ማልኩ። ተመለስኩ።»

ከጎኑ የተቀመጠው ታካሚ አሰበና፣ «ጋሽ ሽሜ፣ አሁን ነፍሷ እዚሁ ካለች መሐላው ምን ይሆናል?» አለ።

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ጋሽ ሽመልስ አልሳቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ብትሞቺ ይሻለኝ ነበር።»

«በኢየሱስ ስም» አሉ እናት።

«ክፉ ተመኝቼባት አይደለም እማማ። የሞተ ሰው አልተወኝም። እሷ ግን በእግሯ ሄዳ ነው የተወችኝ።»

እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ግሪኮቹ ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፈው ነበር። ትዕግሥት ግን ለለቅሶዋ ከመጣው ውሃ የተቀዳ ብርጭቆ በእጇ ይዛ ነበር። አነሳች፣ ጠጣች፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። አፌን ዘጋሁ።

«አዎ» አለች። «በእግሬ ነው የሄድኩት። ልነግርህ ፈራሁ ጋሽ ሽመልስ። እንድትጠጣ ምክንያት እሆንሃለሁ ብዬ ነው።»

«እኔ ለመጠጣት ምክንያት ቸግሮኝ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታክሲ ላይ ሰው ሲወርድ ምን ይላል?»

«ወራጅ።»

«ይበቃል። ወራጅ የሚለው እኔን ፈቃድ ሊጠይቀኝ አይደለም፤ ፍሬን እንድይዝ ነው። አንቺ በመስኮት ዘለልሽ። እኔ ደግሞ መሃል መንገድ ላይ ሬሳሽን ስፈልግ ዋልኩ።»

ትዕግሥት አለቀሰች፤ በዚያ ቤት በዚያ ቀን በተገቢው ምክንያት ያለቀሰች እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ሐዋሳ የት እንደምትሠራ፣ መቼ እንደምትሄድ፣ ለምን እንደምትሄድ ነገረችው። ሠርጉን ጠየቀችው። ነጠላውን አንሥቶ ተነሣ። ሲወጣ እናቷን ስሞ፣ እሷን በሩቁ እጅ ነሥቶ ሄደ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም። ወንበሩን ባዶ አድርገን ጠበቅነው። ልጁ ደውላ «አባዬ እናንተ ጋ አለ?» ስትለኝ የለም አልኳት። አቶ ዳዊት ጨነቀውና ዘበኛውን እንዲያይ ወደ ግሮሰሪው ላከው። ዘበኛው እስኪመሽ ቆይቶ፣ «ጋሽ ሽመልስ የለም፤ በደንብ አረጋግጫለሁ» አለ። በደንብ ማረጋገጡ ከትንፋሹ ይታወቅ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጋሽ ሽመልስ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ይዞ ገባ። ለእያንዳንዳችን አደለ። «ለትዕግሥትም በሰው ልኬላታለሁ» አለ።

«ያለፈው ሳምንት የት ጠፋህ?» አልኩት።

«ተናድጄ ነበራ። ቤቴ ተኝቼ ተናደድኩ። ሳይጠጡ መናደድ ቀኑ እንዴት ረጅም ነው በእግዜር።»

ሠርጉ ላይ ልጁን በክንዱ ይዞ ገባ። አስተናጋጅ ሊቀዳለት ሲመጣ ብርጭቆውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው፤ ብርጭቆው እስኪያርፍ ትዕግሥትም እኔም አልተነፈስንም።

አቶ ዳዊት ስንብቱን አሻሻለ። በእኔ ጽሑፍ አይደለም፤ ዳግመኛ ድንኳን እንዳይተከል ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚለቅ አማካሪ ሁሉ ቀድሞ ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ ተነሥቶ ወራጅ ይላል። ታካሚዎች ይቆጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። ለቃቂው አልቀነሰም። ሰው እንዳይለቅ ምን ይደረግ የሚል ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ አልናገርም፤ ሻይና ብስኩት በልተን እንለያያለን፣ ከተሰብሳቢዎቹም አንዱ በወሩ ይለቃል። እኔ የማውቀው የሄደ ሁሉ ሲሄድ መታየቱን ብቻ ነው።

በመጨረሻ የእኔ ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ሽመልስ አሁን ቡድኑ ውስጥ አዲስ መጤዎችን የሚቀበል ነባር ሆኗል። በዚያ የሠርግ መብራት ሥር ተነሥቼ ቆምኩ። ለንግግር የምታማ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ያነበብኩት ሁሉ ጠፍቶኝ አንድ ቃል ቀረችኝ።

«ወራጅ አለ።»

ጋሽ ሽመልስ ከፊቱ የነበረውን ውሃ አነሳ፣ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የት ጋ ነው ምሥራቅ?»

«ጀሞ። መጽሐፍ ልሸጥ ነው።»

«ስልጠና ነው ብትይን ይቀለን ነበር» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ።

«ዝም በሉ፣ ፍሬን ልያዝበት» አለ ጋሽ ሽመልስ። እግሩን ወለሉ ላይ ጫን አደረገ። «እሺ፣ ውረጂ። በሩን ግን ቀስ አድርገሽ ዝጊው።»

ስወጣ እጀታውን ይዤ፣ የቁልፉ ምላስ ገብቶ እስኪያርፍ ድረስ ሳልለቅ ዘጋሁት።